ከኦብሪጋዶ ማንሽን የወጣ ገበና

አሚታብ ባቻን ከአንድ ግዙፍ የፋሲካ እንቁላል ውስጥ ብቅ ይላል። ረጅም ጥቁር ባርኔጣ አድርጓል፣ አንድ ዓይኑ ላይ መስታወት ሰክቷል፣ ስሙ አንቶኒ ጎንሳልቬስ መሆኑን በዘፈን ያስተዋውቃል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «አማር አክባር አንቶኒ» ነው። በልጅነታቸው የተለያዩ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱን ሂንዱ ያሳድገዋል፣ አንዱን ሙስሊም፣ ሦስተኛውን የካቶሊክ ቄስ። ያ ሦስተኛው አረቄ ሻጭ፣ ተደባዳቢ፣ ልቡ ግን ቅን የሆነ ሰካራም ነው። አንድ ቦታ ላይ ተደብድቦና ጠጥቶ ይመጣና መስታወት ፊት ቆሞ ቁስሉን ሊያክም ይሞክራል፤ ፕላስተሩን የሚለጥፈው ግን ፊቱ ላይ ሳይሆን መስታወቱ ላይ ነው። ሕንድ በሳቅ ሞተች። እኔም ስቄያለሁ፣ ያስቃላ።

አንቶኒ ጎንሳልቬስ የሚባል ሰው ግን በእውነት ነበር። የጎዋ ተወላጅ፣ ቫዮሊን ተጫዋችና የሙዚቃ መምህር ነበር። የፊልሙን ሙዚቃ ከደረሱት ከላክስሚካንትና ከፒያሬላል አንዱ፣ ፒያሬላል፣ የሱ ተማሪ ስለነበር ገጸ ባሕርይው በመምህሩ ስም ተጠራ። በዚያ ዘመን በቦምቤይ የፊልም ስቱዲዮዎች ኦርኬስትራ ውስጥ የጎዋ ካቶሊኮች ሞልተው ነበር፤ ኖታ ማንበብ ከልጅነታቸው በደብር ትምህርት ቤት ተምረዋል። ዜማውን ኖታ ላይ ያሰፍራሉ፣ ለመሣሪያዎቹ ያከፋፍላሉ፣ ይጫወታሉ፤ ፊልሙ ሲወጣ ስማቸው ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የለም። የሕንድ ፊልም ጆሮ በከፊል የነሱ ነበር ማለት ነው። የፊልሙ ዓይን ግን ወደነሱ ሲዞር ያየው ሰካራም ወንድና አጭር ቀሚስ የለበሰች ጸሐፊ ብቻ ነው።

የሊንድሴ ፔሬራን የመጀመሪያ ልቦለድ «ጎድስ ኤንድ ኤንድስ»ን ሳነብ ያ መስታወት ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። መጽሐፉ በ2021 ወጣ፣ በዚያው ዓመት ለጄሲቢ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከታጩት አምስት መጻሕፍት አንዱ ሆነ (ሽልማቱን የወሰደው የኤም. ሙኩንዳን «ዴልሂ፦ ኤ ሶሊሎኪ» ነው)። ታሪኩ የሚካሄደው በሙምባይ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ማላድ ውስጥ ኦርሌም በሚባል ሰፈር፣ ኦብሪጋዶ ማንሽን የተባለ አሮጌ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ነው። ነዋሪዎቹ የጎዋ ካቶሊኮች ናቸው። ርዕሱ ቃላት ላይ ይጫወታል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጓዳ ውስጥ የተከማቸ፣ ለምንም የማይሆን ግን የማይጣል ዕቃን የሚጠራበት አባባል አለ፤ እኛ ቅራቅንቦ የምንለው። ፔሬራ ፊደሉን ቀያይሮ ቅራቅንቦውን ከአማልክት ጋር አጣበቀው።

እዚህ ጋ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም «የሕንድ ካቶሊክ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ምስል የለም። ፖርቱጋሎች ጎዋን በ1510 ያዙ። ሕዝቡን አጠመቁ፤ ተጠማቂው ሴኬይራ፣ ፎንሴካ፣ ፔሬራ የሚል የቤተሰብ ስም ይዞ ወጣ። ከ1560 ጀምሮ ደግሞ የኢንኩዊዚሽን ፍርድ ቤት ተተከለ፤ እስከ 1812 ድረስም፣ በመሃል ለጥቂት ዓመታት ቢቋረጥም፣ ቆየ። (በነገራችን ላይ በሱስንዮስ ዘመን እኛ ጋ የመጡት ኢየሱሳውያንም መነሻቸው ይቺው ጎዋ ናት። ፋሲለደስ ሲያባርራቸው ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ በመጨረሻ የገባው እዚያው ነው። እኛ ያባረርነው ሃይማኖት እዚያ ቤት ሠርቶ ቀረ።) ጎዋ በ1961 ወደ ሕንድ እስክትጠቃለል ፖርቱጋል ስትገዛት ኖረች፤ ሥራ ግን የነበረው እንግሊዞች ከተማ፣ ቦምቤይ ነበር። ስለዚህ ሰዉ ወደዚያ ተሰደደ፦ ወጥ ቤት፣ መርከበኛ፣ ሞግዚት፣ ሙዚቀኛ፣ ታይፒስት ሆኖ። እያንዳንዱ መንደር ቦምቤይ ውስጥ «ኩድ» የሚባል የጋራ ማረፊያ ነበረው፤ መርከበኛው ከአንዱ ጉዞ እስከ ሌላው ሳጥኑን አስቀምጦ እዚያ ያድራል።

እነዚህ ሰዎች የተገፉ ናቸው ሲባል ከከተማው ሁሉ ድሆቹ እነሱ ናቸው ማለት አይደለም። እንግሊዝኛ አላቸው፣ ቤተክርስቲያናቸው የምታስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች የሌላው እምነት ተከታይ ሁሉ ልጁን ለማስገባት የሚሻማባቸው ናቸው። ግን በ2011ዱ ቆጠራ ክርስቲያን የተባለው ሁሉ ተደምሮ ከሕንድ ሕዝብ 2.3 በመቶ ብቻ ነበር። የስድብ ስምም ወጥቶላቸዋል፤ «ማካፓው» ይሏቸዋል፣ በኮንካኒ ዳቦ ስጠኝ ከማለት የመጣ ነው። በእርስ በርሳቸውም ቢሆን እኩል አይደሉም። ከአራት መቶ ዓመት ጥምቀት በኋላ እንኳ የዘር ደረጃው፣ ማን ከማን ይጋባል የሚለው፣ አልጠፋም። ባንድራ የሚኖረው ካቶሊክ ደግሞ ማላድ የሚኖረውን በባቡር መስመሩ ርቀት ልክ ያርቀዋል። ፔሬራ የመረጠው የመስመሩን ሩቅ ጫፍ ነው። ከጎዋ ወጥተው ቦምቤይን ያልያዙ፣ ሌሎች ወደ ገልፍ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ ሲሄዱ እዚያው የቀሩ ሰዎች።

ሕንፃውን ልብ ብላችሁ እዩት፣ ልቦለዱ የቆመው በሱ ላይ ነውና። ቦምቤይ ውስጥ ከ1947ቱ የኪራይ ቁጥጥር ሕግ በኋላ የአሮጌ ቤቶች ኪራይ ባለበት ተቸነከረ። አከራዩ ለጥገና የሚያወጣው ገንዘብ አይመለስለትም፣ ስለዚህ አይጠግንም። ተከራዩ ሌላ ቦታ በዚያ ዋጋ አያገኝም፣ ስለዚህ አይለቅም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ይላጣል፣ ሁለቱም ወገን እየተጠላሉ እዚያው ያረጃሉ። ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። ማን ማንን እንደመታ፣ ማን ሌሊት እንዳለቀሰ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት ኮሪደሩ ሁሉ ያውቃል። ያውቃል፣ አይናገርም። ጠዋት ላይ ሁሉም የታጠበ ልብሱን ለብሶ ቅዳሴ ይሄዳል።

ፔሬራ ልቦለዱን የገነባው በዚህ ኮሪደር ቅርጽ ነው። ከየክፍሉ ድምፅ ይለቅማል። አንድ ሰው ይናገራል፣ ይቆማል፣ ሌላው ከጎኑ ይቀጥላል። በመሃላቸው ፊሎሚና ሴኬይራ አለች፤ አጭር ሕይወቷን ወደ ኋላ እያየች የምትተርክ ወጣት። አባቷ ጁድ ሴኬይራ የቀረውን ዕድሜውን እየጠጣ ይጨርሳል። ታሪኩን ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። የሚያምም ነገር አለበት፣ ቀስ ብሎ የሚገለጥ፣ እና ጎረቤት ቀድሞ የሚያውቀው ዓይነት።

አሁን ወደ ፕላስተሩ ልመለስ። የጎዋ ካቶሊክ ጸሐፊ አንቶኒን ሲያይ ሁለት ቀላል መንገድ አለው። አንደኛው «እኛ እንዲህ አይደለንም» ማለት፦ ሐኪሞቻችንን፣ መምህራኖቻችንን፣ ሙዚቀኞቻችንን ቁጠሩ። ሁለተኛው ሳቁን ተቀብሎ ማጣፈጥ፦ አዎ እንጠጣለን፣ እንጨፍራለን፣ ምግባችን ይጣፍጣል፣ ኑ ብሉ። ፔሬራ ሁለቱንም ተወ። ሰካራሙን ተከትሎ ቤቱ ገባ። ፊልሙ ላይ ሰውዬው ሰክሮ ፕላስተር የሚለጥፈው መስታወት ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ፕላስተር የሚያስፈልጋት ሚስት አለች፣ ልጅ አለች። ያ ሁሉ ተመልካች የሳቀበት ሰው ሲኒማው ካለቀ በኋላ ወደ ማን ነው የሚሄደው? ልቦለዱ ይህን ነው የሚከታተለው። የተለመደውን ምስል ሐሰት ነው ብሎ አይከራከርም። ምስሉ እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው የመጣው ይላል።

አማርኛ ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለው፦ ገበና። ምስጢርና ገበና አንድ አይደሉም። ምስጢር የማይታወቅ ነው፤ ገበና የሚታወቅ ግን የሚሸፈን ነው። እና አንድ ትንሽ ማኅበረሰብ ከውጭ ሲሳቅበት ሲኖር ገበና ሸፋኝነቱ በእጥፍ ይጨምራል። የገዛ ልጁ ብዕር ይዞ ሲነሳ «አንተም?» ይለዋል። ክርክሩን በቀላሉ መናቅ አይገባም። በሕንድ አሁን ባለው የፖለቲካ አየር፣ ቄሶችና ጸሎት ቤቶች ሰው አስቀየራችሁ እየተባሉ በሚከሰሱበት ጊዜ፣ ስለ ካቶሊክ ቤት ጥፋት በእንግሊዝኛ ጽፎ ለሁሉም ማንበቢያ ማውጣት ለጠላት ዱላ ማቀበል ነው የሚል ሰው ከመሬት ተነስቶ አይደለም።

ግን እስቲ አስቡት፤ ዝምታው የሚያስከፍለው ማንን ነው? ፊሎሚናን ነው። ሽፋኑ የማኅበረሰቡን ስም ይጠብቃል፣ ዋጋውን የምትከፍለው በሩ ከውስጥ የተቆለፈባት ልጅ ናት። ፔሬራ የቆመው ከልጅቷ ጋር ነው፣ እና ለኔ የመጽሐፉ ትልቅ ነገር ይኸው ነው። የማኅበረሰቡ ጠበቃ ሆኖ አይጽፍም፣ ከሳሽም ሆኖ አይጽፍም፤ ግድግዳው ማዶ እንደሚሰማ ጎረቤት ይጽፋል፣ ልዩነቱ ዝም አለማለቱ ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያው አይደለም። ዩኒስ ደ ሱዛ የምትባል፣ በ2017 ያረፈች የጎዋ ዝርያ ገጣሚ ነበረች። በ1979 ባወጣችው «ፊክስ» በተባለች ቀጭን የግጥም መድበል የገዛ ደብሯን፣ ቄሶቹን፣ ለጋብቻ የሚታጩትን ሴቶች፣ የክብር ሽሚያውን በምላጭ ቆርጣ አሳይታለች። ለብዙ ዓመታት በሙምባይ ቅዱስ ዣቪዬር ኮሌጅ እንግሊዝኛ አስተምራለች። ፔሬራ ከልቦለዱ በፊት በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በእንግሊዝኛ የጻፉ የሕንድ ሴቶችን ሥራ የሰበሰበ መጽሐፍ ከሷ ጋር በጋራ አዘጋጅቷል። የሷ ምላጭ እሱ ጋ ሲደርስ ሳቁ ቀንሷል፣ ጨለማው ጨምሯል።

ቋንቋው ላይ ልቆይ፣ እዚህ ጋ ጎበዝ ነውና። የቦምቤይ ጎዋ ካቶሊክ እንግሊዝኛ በሕንድ ፊልምና ቀልድ ውስጥ መሳቂያ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ሜን» እያለ ሴቱንም ወንዱንም የሚጠራው። ለብዙዎቹ ግን ያ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ነው። ኮንካኒው በአያት አፍ ቀርቷል፣ ፖርቱጋልኛው በስምና በምግብ። ፔሬራ ይህንን አነጋገር ሲጽፍ ለውጭ አንባቢ አያስተካክለውም፣ ለማሳቅም አያጋንነውም። ሰዎቹ ሲበሳጩ፣ ሲሰድቡ፣ ሲጸልዩ በሱ ነው። ከቀልድ ወጥቶ ቋንቋ ሆነ። በየሰፈሩ አነጋገር የሚጽፍ ማንኛውም ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል፦ ትንሽ ካበዛህ ኮሜዲ ነው፣ ትንሽ ካሳነስክ ሁሉም ሰው እንደ ዜና አንባቢ ያወራል።

ደካማ ጎኑስ? አለ። ጨለማው አንድ ዓይነት ነው። ከክፍል ወደ ክፍል ስንሄድ የመከራው ዓይነት ይለያያል፣ የመከራው ድምፅ ግን እየተቀራረበ ይመጣል። የመጽሐፉ ወገብ ላይ ስደርስ አዲስ ሰው ሲጀምር «እሺ፣ አንተስ ምንህ ተሰበረ?» ማለት ጀመርኩ። ይሄ ለልቦለድ አደገኛ ነው፤ አንባቢው ቀድሞ ካወቀ ሐዘኑ ልማድ ይሆናል። የሰው ልጅ ደግሞ እንኳን ኦርሌም፣ የትም ቢሆን፣ እንዲህ ሳያቋርጥ አይከፋውም። በዓል አለ፣ ሰርግ አለ፣ ሐሜት ራሱ ጣዕም አለው።

ይህን የምለው ሌላ መጽሐፍ ስላለ ነው። ጄሪ ፒንቶ በ2012 «ኤም ኤንድ ዘ ቢግ ሁም» የተባለ የመጀመሪያ ልቦለዱን አወጣ። እሱም የጎዋ ካቶሊክ ቤተሰብ ነው፤ ማሂም፣ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ፣ እናት፣ አባት፣ አንድ ሴት ልጅና ስሙ የማይነገረን ተራኪ ወንድ ልጅ። እናትየው፣ ልጆቿ ኤም የሚሏት፣ የአእምሮ ሕመም አለባት፤ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚያደርግ፣ ራሷን ለመግደል እስከ መሞከር የሚያደርስ። ፒንቶ የገዛ እናቱም ባይፖላር እንደነበረች በግልጽ ተናግሯል፤ መጽሐፉን ለመጨረስም ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በመከራ ከመዘነው ከፔሬራ አያንስም። ግን ኤም ታስቃለች! ቢዲዋን እያጨሰች፣ ሻይዋን እየደጋገመች ለልጆቿ እናት የማትናገረውን ሁሉ ትናገራለች፤ ስለ ወሲብ፣ ስለ እናትነት አስጠሊታነት፣ ስለ እግዜር። እንስቃለን፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደም እናገኛለን። ሳቁ ስላለ ደሙ ይበልጥ ያስደነግጣል።

እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት አያትም አለች፣ የማልረሳት። ዓረፍተ ነገር አትጨርስም፤ ስም በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ «ነገር» እያለች ታልፋለች። ተራኪው ምክንያቱን ይነግረናል፦ ሴትዮዋ ከጎዋ በርማ፣ ከበርማ ካልካታ፣ ከዚያ ቦምቤይ ስትዞር በየቦታው አንድ ቋንቋ ጥላለች። የስደቱ ታሪክ ሁሉ፣ መርከቡም፣ ጦርነቱም፣ በአንዲት አሮጊት ባልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቷል። ፔሬራ አንድ ሕንፃ ሙሉ ሰው ሰብስቦ የሚለፋበትን ፒንቶ አንዳንዴ በአንድ አንቀጽ ይጨርሰዋል።

ይሁንና ፒንቶ የማይሠራውን ፔሬራ ይሠራል። ኤም የታመመችበት ቤት ውስጥ አባት አለ፣ ቢግ ሁም፣ እንደ ዓለት የቆመ፣ የሚያበስል፣ ሆስፒታል የሚያመላልስ፣ የማይሸሽ። ቤተሰቡ በር ዘግቶ ራሱን ያድናል። ማኅበረሰቡ፣ ደብሩ፣ ጎረቤቱ በሩቅ የሚሰማ ድምፅ ነው። የፔሬራ ሰዎች ግን ቢግ ሁም የላቸውም። ጁድ ሴኬይራ ነው ያላቸው። እና አባት ሲፈርስ ቀጥሎ ያለው ማን ነው? ጎረቤት ነው፣ ቄስ ነው፣ አከራይ ነው። ልቦለዱ እያንዳንዳቸውን አንድ በአንድ ያንኳኳል። አንዲት ልጅ ስትጎዳ ስንት ሰው ማወቅ እንደሚችልና ስንቱ ምንም እንደማያደርግ ለማሳየት አንድ ቤተሰብ አይበቃም፣ ሕንፃው ያስፈልጋል። ድምፆቹ መመሳሰላቸውን እንደ ድክመት ቆጥሬያለሁ፤ አሁንም ድክመት ነው። ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት ሰበብ ሲያቀርቡ ስትሰሙ መመሳሰሉ በከፊል የታሰበበት እንደሆነ ትጠረጥራላችሁ።

በሁለቱ መሃል፣ በ2019፣ ጄን ቦርጅስ «ቦምቤይ ባልቻኦ» የተባለ የመጀመሪያ ልቦለዷን አውጥታለች፤ ካቬል በሚባለው የድሮ የካቶሊክ ሰፈር ላይ ያተኮረ ነው። ስሙ የቅመማ ቅመም ምግብ ስም ነው፣ መጽሐፉም እንደ ስሙ ሞቅ ያለ። ደስ ብሎኝ አንብቤዋለሁ፣ ብዙ አልቆየብኝም።

የፔሬራ ግን ቆየብኝ፤ በተለይ የሕንፃው ስም። ኦብሪጋዶ በፖርቱጋልኛ «አመሰግናለሁ» ማለት ነው። ማን ማንን ነው የሚያመሰግነው? የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያለ ተከራይ አከራዩን? የተጠመቀው አጥማቂውን? ቃሉ ደግሞ በፖርቱጋልኛ ጾታ አለው፦ ኦብሪጋዶ የሚለው ወንድ ነው፣ ሴት ስታመሰግን ኦብሪጋዳ ትላለች። በሩ ላይ የተጻፈው የወንዱ ነው።

ፔሬራ በ2023 ሁለተኛ ልቦለዱን «ዘ ሜሟርስ ኦቭ ቫልሚኪ ራኦ»ን ይዞ ተመለሰ፤ ራማያናን ወስዶ በ1992ቱ የቦምቤይ ብጥብጥ ዘመን ፓሬል ውስጥ፣ የሠራተኞች ቻውል ላይ አሰፈረው። ካቶሊኮቹን ተወ፣ ጠባብ ክፍሎቹንና የሚሰማውን ግድግዳ ግን አልተወም። ሁለቱን የጎዋ ቤቶች ለማንበብ ካሰባችሁ ፔሬራን አስቀድሙ፣ ፒንቶን አስከትሉ። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ከኤም በኋላ ኦርሌም ላይ የሚስቅ ሰው ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። «አማር አክባር አንቶኒ»ንም ከሁለቱ በኋላ ድጋሚ እዩት፤ መስታወቱ ጋ ስትደርሱ ከኋላው ያለው ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ ለማየት ትሞክራላችሁ።